ለእጅ የሚታጠፍ፣ ለማዕበል የማይታጠፍ

መያዝ ምንድን ነው? ለደጋ ሰው ጥያቄው የሚያስቸግር አይመስልም። በሙጃ ዙሪያ፣ በግዳንና በላስታ ተራሮች፣ የተያዘ ነገር ሁሉ የተያዘው በመሬት ነው፤ በቅሎው በችካል፣ ቤቱ በመሠረቱ፣ ላሊበላ ላይ ደግሞ ቤተ መቅደሱ ራሱ ከተፈለፈለበት አለት ሳይላቀቅ። ስለዚህ የተያዘ ማለት የማይንቀሳቀስ፣ ያዥ ማለትም የማይለቅ ነው ብሎ ማለፍ ይቀናል። ይህን ትርጉም ለመፈተን ከተራራው መውረድ፣ ቢያንስ በሐሳብ መውረድ፣ ያስፈልጋል፤ መፈተኛዬም የትናንሽ ጀልባዎች ታጣፊ መልህቅ ነው። ጀልባ በማይታይበት አገር ስለ መልህቅ ማሰላሰል ቅንጦት ነው የሚል ካለ፣ ተከዜ የሚነሳው ከዚሁ ከላስታ ተራሮች መሆኑን ያስታውስ። በምንጩ አካባቢ በእግር የሚሻገሩት ውኃ፣ ወደ ሰሜን ርቆ ከሄደ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ተሠርቶ ባለቀውና 188 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ ታቁሮ ዓሣ አስጋሪ በጀልባ የሚውልበት ሐይቅ ሆኗል። እዚያ የደረሰ ሰው ችካል የሚተክልበት መሬት አያገኝም።

ደግሞስ መልህቅ መቼ እንግዳ ሆነብን? ባሕር አይቶ የማያውቅ የላስታ ሰው መልህቅን ከመጽሐፍ ያውቀዋል። ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክት በምዕራፍ 6 ተስፋን በነፍስ መልህቅ ይመስለዋል፤ ከዚያም የተነሳ መልህቅ በአእምሯችን የጽናት ሥዕል ሆኖ ተቀምጧል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ግን ሌላ መልህቅ ያሳየናል። ጳውሎስ የተሳፈረባት መርከብ በማዕበል ስትናጥ ሰንብታ መርከበኞቹ የውኃውን ጥልቀት ይለካሉ፤ ከዓለት ጋር እንዳይላተሙ ፈርተው በሌሊት ከኋላዋ አራት መልህቅ ይጥሉና ንጋትን ይናፍቃሉ። ሲነጋ አያወጧቸውም። ፈትተው ባሕሩ ውስጥ ትተዋቸው ወደ ዳርቻው ያመራሉ። በአንዱ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት መልህቅ አለ ማለት ነው፤ አንዱ ፈጽሞ የማይተው፣ ሌላው ሌሊቱን ይዞ ሲነጋ የሚተው። ስብከታችን የመጀመሪያውን ይወዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም እነዚያ አራት መልህቆች አልከዱም፣ የተጠየቁትን ሁሉ አድርገዋል። ንጋት ላይ ግን የሚፈለገው መያዝ አልነበረም፤ እነሱ ደግሞ ሌላ የሚያውቁት ነገር የለም።

ታጣፊው መልህቅ ይህን ንጋት አስቀድሞ ያሰበ ዕቃ ነው። ሥራው ቀላል ነው። አናቱ ላይ የገመድ ማሰሪያ ያለው አንድ የብረት ዘንግ፤ በዘንጉ ግርጌ በማጠፊያ የተያያዙ፣ ጫፋቸው ጠፍጠፍ ብሎ የሾለ አራት ክንዶች፤ በዘንጉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት አንድ ቀለበት። ክንዶቹ ተዘርግተው ቀለበቱ ወደ ግርጌ ሲወርድ እንደተዘረጉ ይቆለፋሉ። ወደ ዘንጉ ተሰብስበው ቀለበቱ ሲያቅፋቸው ደግሞ ክንድ የነበረው ሁሉ ጠፍቶ በእጅ የሚጨበጥ ድፍን ብረት ብቻ ይቀራል። ዝገት እንዳይበላው ዚንክ ይለበጣል። ለአንድ ሰው ታንኳ የሚሆነው ከ1 ኪሎ ሊያንስ ይችላል፤ ተለቅ ላለ ጀልባ የሚሆነው 10 ኪሎ ገደማ ይደርሳል።

ታዲያ የሚይዘው ምኑ ነው? ክብደቱ አይደለም። ሦስት ኪሎ ብረት ሰው የጫነ ጀልባን በነፋስ ፊት በክብደቱ ሊያስቆም አይችልም፤ ክብደቱ የሚጠቅመው እስከ ወለሉ ለመስመጥ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የክንዶቹ ነው። ክንድም ብቻውን አይበቃም። ወለሉ ድንጋያማ ከሆነ አንዱ ክንድ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ ወይም የድንጋይ ጥግ ይነክሳል። ወለሉ ለስላሳ ጭቃ ከሆነ እነዚያ ጠባብ ክንዶች ጭቃውን እየሰነጠቁ ያልፋሉ፤ ጀልባውም በእርጋታ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ፣ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ወንዞች ያመጡት ደለል በተኛበት የጣና ወለል ላይ ይህን ዓይነቱን መልህቅ የማልመርጠው ለዚህ ነው። እንግዲህ መያዝ የመልህቁ ጠባይ ነው ማለት አንችልም፤ ያው መልህቅ እዚህ ይዞ እዚያ አይዝም። የወለሉ ጠባይ ነውም አንልም፤ ወለሉ መልህቁ ከመጣሉ በፊት እዚያው ነበር፣ ማንንም አልያዘም። ሁለቱ ሲገናኙ የሚፈጠር፣ ሲለያዩ ከሁለቱም ጋር የማይቀር ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ምን እንደምንለው አላውቅም፤ ዕቃ አይደለም፣ ጠባይ አይደለም፣ ነገር ግን ሰው ሌሊት ሕይወቱን ይጥልበታል።

ሦስተኛም አለ፤ ገመዱ። ችካል የሚተክል እረኛ ምስጢሩን ያውቀዋል። በሬው ወደ ጎን ሲጎትት ችካሉ ንቅንቅ አይልም፤ እረኛው ሊነቅለው ሲሻ ግን ወደ ላይ ይስበዋል። ያው ችካል፣ ያው መሬት፣ ምናልባትም ከበሬው ያነሰ ጉልበት፤ የተለወጠው የሚሳብበት አቅጣጫ ነው። መልህቅም በአግድም ሲሳብ ይነክሳል፣ ሽቅብ ሲሳብ ይነቀላል፤ የሚወጣውም እንዲሁ ነው፣ ጀልባውን በላዩ አምጥቶ ቀጥ አድርጎ በመሳብ። ከዚህ የተነሳ ጥሎ መያዝ የፈለገ ሰው ገመዱን በልግስና መልቀቅ አለበት፤ ከውኃው ጥልቀት አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት እጥፍ። በሰባት እጥፍ የተወጠረ ገመድ ከወለሉ ጋር የሚሠራው ማዕዘን 8 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በሦስት እጥፍ ወደ 20 ይጠጋል፣ መልህቁም ከወለሉ ቀና ማለት ይጀምራል። በገመዱና በመልህቁ መካከል ጥቂት ሜትር ሰንሰለት የሚገባውም የዘንጉን አንገት ወደ መሬት ለማስደፋት ነው። ጣና በጥልቁ ቦታው 14 ሜትር ያህል ስለሆነ 70 ወይም 100 ሜትር ገመድ ይበቃዋል። የወሎው ሐይቅ ሐይቅ ግን ትንሽ ሆኖ ጥልቀቱ 80 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ መሐል ላይ መልህቅ ለመጣል የፈለገ ሰው 400 ሜትር ገመድ ይዞ መቅዘፍ ሊኖርበት ነው። ይህን ስሌት ደጋግሜ ሳየው አንድ ነገር አይዋጥልኝም፤ ውኃው በጠለቀ፣ አደጋውም በበረታ ቁጥር ብዙ መልቀቅ የሚገባው ለምንድን ነው? ፍርሃታችን የሚመክረን ተቃራኒውን ነውና። የፈራ ሰው ገመዱን ያሳጥራል፣ ያጠብቃል፣ ወደ ራሱ ይስባል፤ በዚያው ስበቱም መልህቁን በገዛ እጁ ከድንጋዩ ያላቅቀዋል።

ገመዱ በረዘመ መጠን ደግሞ ጀልባው አይቆምም። ነፋሱ ሲዞር ይዞራል፣ ነፋሱ ሲያርፍ ወደ መልህቁ ይጠጋል፣ ሞገድ ሲመጣ ይርቃል። ከላይ የሚያየው ሰው ተይዟል ብሎ ላይገምት ይችላል፤ የተያዘ መሆኑ የሚታወቀው ከአንድ ክብ ዙሪያ ባለመውጣቱ ብቻ ነው። ወደ ችካሉ ከተመለስን በሬውም እንዲሁ ነው፤ ገመዱ እስከፈቀደለት ይግጣል፣ ይተኛል፣ ይዞራል። የተያዘ ማለት የማይንቀሳቀስ ነው ያልነው ትርጉም ለካ በላስታ ሜዳም እውነት አልነበረም። የማይንቀሳቀሰው በሬው ሳይሆን የክቡ መሐል ነው፤ የክቡን መሐል ደግሞ በሬውም ሆነ ጀልባው አይቀመጡበትም።

አሁን ወደ መታጠፉ ልምጣ፤ እስካሁን የተባለው ለማንኛውም መልህቅ ይሠራልና። አንጥረኛ ቢጠየቅ መታጠፍ ለመልህቅ ምንም እንደማይጨምርለት ይናገራል። ከአንድ ብረት የወጣ መልህቅ ማጠፊያ የለውም፤ ማጠፊያ የሌለው ደግሞ በማጠፊያው አይሰበርም። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ብረቱ እዚህ ጋ ሁለት ነኝ ብሎ የሚናዘዝበት ቦታ ነው። ለወለሉም ቢሆን ምንም ለውጥ የለውም፤ ድንጋዩ የነከሰው ክንድ ታጣፊ ይሁን አይሁን አያውቅም። ታዲያ ለማን ነው የሚታጠፈው? ለጀልባው ነው፣ ለባለቤቱ እግር፣ ለመረቡ፣ በአየር ለተነፋች የጎማ ጀልባ ደግሞ ለሕይወቷ። አራት ሹል ክንዱን ዘርግቶ ጠባብ ጀልባ ውስጥ የተጋደመ መልህቅ ውኃ ከመግባቱ በፊት ጠላት ነው። እዚህ ላይ አሠራሩ አንድ ያልተለመደ ነገር ይነግረናል። መሣሪያን የምንመዝነው ብዙውን ጊዜ በሚሠራበት ሰዓት ነው፤ ቢላን በሚቆርጥበት፣ ማረሻን በሚሰነጥቅበት። ታጣፊ መልህቅን የሠራው ሰው ግን መልህቅ ከዕድሜው አብዛኛውን ምንም ሳይዝ እንደሚያሳልፍ አስተውሏል፤ እናም ለዚያ የባከነ ለሚመስለው ጊዜ ቅርጽ ሰጥቶታል። ሥራ ፈትነትን ከሥራ እኩል ማክበር፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ብርቅ የሆነ ጥበብ ነው። የታጠፈው ግን መልህቅ ነው ወይ? ምንም ሊይዝ አይችልም፣ ውኃ ውስጥ ቢጣልም ድንጋይ ላይ ይንከባለላል እንጂ አይነክስም። መልህቅ ነው የሚያሰኘው ሊሆን የሚችለው ነገር ብቻ ነው። የተዘረጋው ደግሞ በተራው፣ ሊታጠፍ ባይችል ኖሮ፣ ሌላ መልህቅ በሆነ ነበር። አንዱ ቅርጽ የሌላውን ስም ተሸክሞ ይኖራል።

ነገሩን ሁሉ የተሸከመችው ቀለበቷ ናት። የሚጠበቅባት ቢጻፍ ሁለት ትእዛዝ ነው፤ እጅ ሲገፋሽ ልቀቂ፣ ማዕበል ሲገፋሽ አትልቀቂ። ትእዛዙ ለሰው ቢሰጥ ቀላል ነበር። ቀለበት ግን እጅንና ማዕበልን አትለይም፤ ሁለቱም ለእርሷ ግፊት ናቸው፣ ማዕበሉም ከእጅ የበረታ ነው። ብልሃቱ ያለው አቅጣጫው ላይ ነው። የጀልባው ስበት በክንዶቹ ላይ ያርፋል፣ ክንዶቹ በቀለበቷ ተቆልፈዋል፤ እርሷን ለማስለቀቅ የሚያስፈልገው መንሸራተት ግን ጀልባው ሲስብ በሚመጣው ግፊት መስመር ላይ የለም። ባሕሩ በዚያ በኩል የመግፋት ልማድ የለውም፤ የሰው አውራ ጣት ግን አለው። እንግዲህ ቀለበቷ ፈቃድን ከአጋጣሚ የምትለየው ፈቃድ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነው። ፍጹም አትለይም፤ ድንጋይ ደጋግሞ ቢመታት ልትሾልክ ትችላለች፣ ለዚህም አንዳንድ ሠሪዎች ጥርስ ያወጡላታል፣ ጠምዝዘው ያጠብቋታል። ጥርስ ያላት ደግሞ አሸዋ ሲገባባትና ስትዝግ ለእጅም እምቢ ትላለች። ልል ከሆነች ማዕበልን ትታዘዛለች፣ ከጠበቀች በባለቤቷ ላይ ታምጻለች። መሐሉ የት እንደሆነ በስሌት የሚነግረን ያለ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም የሚለካው በብረቱ ብቻ ሳይሆን በእጁም ነው፣ እጅ ደግሞ ጠዋት ሞቆ ማታ ይደነዝዛል።

እጅ የማይደርስበት ጊዜም አለ። ክንዱ ድንጋይ ሥር ገብቶ ከተቀረቀረ፣ በደንብ የያዘው መልህቅ የጠፋ መልህቅ ይሆናል፤ ይህ ዓይነቱ በአለት መካከል የሚወደደውም የሚጠፋውም በአንድ ምክንያት ነው። ለዚህ መርከበኞች የሚያውቁት አንድ ዘዴ አለ። ገመዱን ወይም ሰንሰለቱን አናቱ ላይ አያስሩትም፤ ግርጌው ላይ፣ ክንዶቹ በሚገናኙበት፣ ያስሩና በዘንጉ ጎን አሳልፈው አናቱ ጋ በቀጭን ሲባጎ ብቻ ያቆራኙታል። በደህና ጊዜ ሲባጎው ይበቃል፣ ስበቱም ከአናት የሚመጣ ይመስላል። መልህቁ ከተቀረቀረ ግን ባለቤቱ በኃይል ይስባል፣ ሲባጎው ይበጠሳል፣ ስበቱ ወደ ግርጌው ይዞራል፣ መልህቁም በገባበት በኩል ወደ ኋላው ይወጣል። ይህን ዝም ብዬ አላልፈውም። በብረትና በሰንሰለት መካከል ሆን ተብሎ የተቀመጠ ደካማ ነገር አለ፤ እርሱ ጠንካራ ቢሆን ሁሉም ይጠፋል። ነገር ግን የሚበጠሰው በባለቤቱ ጉልበት ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ሌሊት የተነሳ ነፋስ ከባለቤቱ የበረታ ቀን እንደ ባለቤት ይበጥሰዋል። ቀለበቷ በአቅጣጫ ልትለይ የሞከረችውን ሲባጎው በመጠን ሊለይ ይሞክራል፤ መጠን ደግሞ ከአቅጣጫ ይልቅ ይዋሻል።

መታጠፍን የዘመን ፈጠራ አድርጎ ማየትም አይገባም። ከሮም ብዙም በማይርቀው በኔሚ ሐይቅ ወለል ላይ የነበሩት የቄሣር ካሊጉላ መርከቦች እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ ውኃው ተመጥጦ ሲወጡ፣ ከመልህቆቹ አንዱ የብረት ሆኖ መስቀለኛ ዘንጉ የሚወልቅ ነበር፤ አውልቆ ከዋናው ዘንግ ጎን ማጋደም ይቻላል። እንግሊዞች ይህንኑ ሐሳብ በ19ኛው ምዕተ ዓመት እንደ አዲስ ሲሠሩበት የሮሙ ገና ጭቃ ውስጥ ነበር። መርከቦቹ በ1944 በጦርነቱ ጊዜ ተቃጠሉ። ሐሳቡ ራሱ አንድ ጊዜ ታጥፎ ሐይቅ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ላስታ አለት ስመለስ አለቱ የዋህ መልስ ሆኖ አይታየኝም። ላሊበላ መጋጠሚያ የሌለው ሥራ ነው፤ ምንም ነገር ከምንም ጋር አልተያያዘም፣ ሁሉም ከመጀመሪያው አንድ ነበር፣ የተጨመረው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። የዛጉዌ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1270 ካበቃ በኋላ የመጡት ነገሥታት ግን፣ ጎንደር በ1636 እስክትቆረቆር ድረስ፣ በአብዛኛው በድንኳን ኖሩ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ሲቆይ ሁለቱንም ለማየት ታድሏል፤ የላሊበላን ቤተ መቅደሶችና የዐፄ ልብነ ድንግልን ተጓዥ ከተማ። ስለ ቤተ መቅደሶቹ ሲጽፍ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ ሰግቷል። እኔን ብትጠይቁኝ ለማመን የሚከብደው ድንኳኑ ነው። ከተማው ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ፣ በአጋሰስ ተጭኖ ሄዶ ሌላ ሜዳ ላይ ሲተከል፣ የንጉሡ ድንኳን በቦታው፣ ቤተ ክርስቲያኑ በቦታው፣ ገበያው በቦታው፣ የቀኙ በቀኝ የግራው በግራ ይገኛል። ካስማው የሚገባበት አፈር በየጊዜው ሌላ ነው፤ ሳይለወጥ የሚኖረው ማን ከማን ጎን እንደሚቆም ነው። እንዲህ ከሆነ ከተማዋ የምትኖረው የት ነበር? ስትተከል ብቻ ነው እንዳንል ስትጓዝም ያችው ነበረች።

ነገሩን አላስጌጠውም። ከ1529 ጀምሮ የመጣው የግራኝ አሕመድ ጦርነት ድንኳኑን በንጉሡ ትእዛዝ ሳይሆን በስደት አጠፈው፤ ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሽ ኖሮ በ1540 በደብረ ዳሞ ሞተ። የቀለበቷ ጥያቄ እዚህ በመንግሥት ልክ ይመለሳል፤ ለገዛ እጁ የሚታጠፍ መንግሥት ለማዕበልም መታጠፉ አይቀር ይሆን? አንዱ፣ መንግሥቱ ሳይጠፋ የቀረው ከተያዘ የሚያበቃለት አንድ ቦታ ስላልነበረው ነው ሊል ይችላል። ሌላው፣ እንዲያ በቀላሉ የተበተነው ሥር ስላልነበረው ነው ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንዱ መጋጠሚያ ነው፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ ለመፍረድ ድንኳኑ ባይታጠፍ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማወቅ ይጠይቃል፣ ያን ደግሞ ማንም አያውቅም።

ሰው የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ በኖኅ መርከብ ሲመስለው ሰምተናል። ኦሪት ዘፍጥረት ስለዚያች መርከብ ብዙ ይዘረዝራል፤ ርዝመቷ 300 ክንድ፣ ወርዷ 50፣ ቁመቷ 30፣ ደርቦቿ ሦስት፣ መስኮቷና በሯ፣ ውስጥና ውጪዋ የተቀባው ቅጥራን። መልህቅ የሚል የለም፣ መሪም የሚል የለም። ረስቶት ነው ማለት አይቻልም፤ ሌላውን ሁሉ እንዲህ ቆጥሮ። የሚመስለኝ ምክንያት ይህ ነው፦ ሁሉ ውኃ በሆነበት ቀን ከዚህ ይልቅ እዚያ የሚባል ቦታ የለም። መልህቅ የሚጥል ሰው አንዱን ቦታ ከሌላው አብልጧል፤ ዓሣው እዚህ ነው፣ ነፋሱ እዚያ ይበረታል፣ ሌሊቱን እዚህ ልደር። ኖኅ የሚያበልጠው አልነበረውም፤ በመጨረሻም ወደ ወለሉ የወረደ መልህቅ ሳይሆን ወደ መርከቧ የመጣ ተራራ አቆማት። ይህ እውነት ከሆነ በእጅና በማዕበል መካከል ያለው ልዩነት የጉልበት አይደለም። እጅ አንድን ቦታ አብልጦ ይመጣል፣ አንድን ቦታ አብልጦም ይሄዳል፤ ማዕበል የሚያበልጠው የለውም። ቀለበቷ የምትጠብቀው እንግዲህ ብረቱን አይደለም፤ ይህን ማብለጥ ነው፣ ሲመጣም ሲሄድም።

ተከዜ ላይ ጀልባ ቢኖረኝ፣ ከዳርቻው ብዙ ሳልርቅ፣ ገመዴ በሚበቃበት ጥልቀት፣ ታጣፊውን እጥል ነበር፤ ገደል በዋጠ ውኃ ሥር ድንጋይ አይጠፋምና። ቀለበቷን ያለ ጥርስ እመርጣታለሁ፤ በቀዘቀዘ እጅ ከምታገላት፣ አልፎ አልፎ ብትሾልክ ይሻለኛል። ሰንሰለቱን ግርጌው ላይ አስረዋለሁ፣ አናቱ ጋም በሲባጎ አቆራኘዋለሁ። የሲባጎውን ውፍረት ግን መወሰን አልቻልኩም። ልኩን የሚያውቅ የዚያን ሌሊት ነፋስ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱ ደግሞ ያን ቀን ከዳር አይነሳም።